ሐምዱ የገዛቸው ቤቶች

«ቤቱማ ቢሾፍቱ ነው፤ ሐይቁ አፋፍ ላይ» አለ ሾፌሩ ካሳ። «ከራሱ ከሐምዱ አፍ ነው የሰማሁት።»

መሊካ ቤት ውስጥ፣ ሊያጽናኗት በመጡት ሴቶች መሀል ተቀምጣ ሰማችው። ድንኳኑ የተተከለው ደጃፏ ላይ ስለሆነ ወንዶቹ የሚያወሩት ሁሉ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። ባሏ ሐምዱ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን ከውጭ የምትሰማው ዱዓውንና «አላህ ይራህመው» የሚለውን ብቻ ነበር።

«የምን ቤት?» አለ ሙህዲን። ሙህዲን የሐምዱ ታላቅ ወንድም ነው፤ መርዶ ደርሶት፣ ሌሊቱን በጭነት መኪና ሲጓዝ አድሮ ከወሎ የገባው ዛሬ ጠዋት ነው።

«ሊገባበት ያሰበው ነዋ። ጓሮው ሎሚ፣ በረንዳው ሰፊ...»

«ተው እንጂ ካሳ!» አለ ሌላው ሾፌር ባህረዲን። «ለኔ የነገረኝ ጅማ ነው።»

መሊካ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ካሚላ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ፣ «ቤት ነበራችሁ እንዴ?» አለቻት። «ይኸን ሁሉ ዓመት ከአንድ ቧንቧ ስንቀዳ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ!»

መሊካ ጆሮዋን ወደ ውጭው ወሬ መለሰች።

ሐምዱ ሸራ ሰፊ ነበር። ሰባተኛ አካባቢ አንድ መጋዘን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል፣ የተቀደደውን ይጥፋል። ጣልያን በወጣ ማግስት ከወሎ መጥቶ መርካቶ ከገባ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የትም አልሄደም። ሸራዎቹ ግን አሰብ ይወርዳሉ፣ ጅማ ይሻገራሉ፣ ምጽዋ ደርሰው ጨው ጨው እየሸተቱ ይመለሳሉ። ሾፌሮቹ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ያዩትን አገር ያወሩለታል። እሱም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ፣ ምሳው ቀርቦ ገና እጁን ሳይታጠብ፣ አንድ ቤት ገዝቶ ይገባል።

«መሊካ፣ ዛሬ ምጽዋ ገዛሁልሽ። ባሕሩ ከመስኮትሽ ሥር ነው።»

«በምን ገንዘብ?»

«ገንዘቡን ተይው፤ ገንዘብ ሞልቷል። አንቺ ቤቱን ብቻ እይልኝ።»

መሊካም ታየዋለች። እሺ ያለችው ግን አንድም የለም። ምጽዋ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ ድሬዳዋ ባቡሩ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጅማ ዝናቡ መቼ አባርቶ ልብስ ይደርቃል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ሰው ይበላል አሉ። ሐምዱ ይሟገታል፣ ይለማመጣል፣ በመጨረሻ እየሳቀ ቤቱን ለሻጩ ይመልሳል። ከዚያ ጫቱን ይዞ ወደ ሾፌሮቹ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ሌላ ቤት ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚጫወቱት አልጋና ምድጃ በተጎራበቱበት፣ ልጅ ባልዳኸበት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው።

እንቢ የምትለው ቤቶቹ ሳያምሯት ቀርተው አልነበረም። አንዱን «ይሁን» ያለች ዕለት ጨዋታው የሚያልቅ ስለሚመስላት ነው። ጨዋታው ደግሞ የሁለታቸው ብቻ ነበር፤ እሷ እንደዚያ ነበር የምታውቀው። ለካ ሾፌሩ ሁሉ ሰምቶታል። መሊካ ሰው በሞላበት ቤት መሀል ተቀምጣ ብቻዋን ሆነች። ቃሬዛው ከበሯ ሲወጣ እንኳ እንዲህ ብቻዋን አልነበረችም።

ከዐስር ሰላት በኋላ ሙህዲን በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት።

«መሊካ፣ ሶብር አድርጊ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ዒዳሽ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። እስከዚያ ከቤት አትወጪም። ታዲያ በሰው ቤት፣ በኪራይ ከምትቀመጪ በባልሽ ቤት ብትቀመጪ አይሻልም? የሟች ነገር ደግሞ ተደብቆ አይቀርም፤ የቢሾፍቱውም የጅማውም። እኔ ወንድሙ ነኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ትናገሪዋለሽ።»

«ወንድም ጋሼ፣ እሱ እኮ...»

«አሁን አይደለም። ነገ» ብሎ ወጣ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሴቶቹ ዓይን ተለወጠ። ጥቀርሻ የበላውን ጣሪያ ያያሉ፣ መልሰው እሷን ያያሉ፤ ሁለት ቤት ያለው ሰው እዚህ ምን ያደርግ ነበር ይላሉ በሆዳቸው። መሊካን የጨነቃት ግን ይህ አይደለም። ዝም ብትል ሀብት ደበቀች ይሏታል፤ ይበሏት። ከተናገረች ግን ሐምዱ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሽማግሌ ፊት ውሸታም ሊባል ነው። ሃያ ዓመት ሲሰፋ አንድ ሰው እንኳ «ቃሉን አጠፈብኝ» ብሎት አያውቅም። ትቶት የሄደው ነገር ቢኖር ስሙ ነው፤ እሱን ደግሞ በገዛ አፏ ልታጎድፍበት ነው።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ዱዓ እንዳበቃ ሼህ አብዱልሰላም ከድንኳኑ ሆነው ጠሯት።

«ልጄ መሊካ፣ ሟች የተወውን መጠየቅ ወግ ነው። ቤት አለው ይባላል። እውነት ነው?»

መሊካ ተነስታ በሩ ላይ እስከተጋረደው መጋረጃ ድረስ ሄደች።

«ቤት የለውም፣ አባቴ። ዓርብ ዓርብ የምንጫወተው ጨዋታ ነው። ገንዘብ ቢኖረን የት እንገዛ ነበር እያልን። ሌላ ምንም የለም።»



«ታዲያ ለነዚህ ሰዎች የነገራቸው?» አለ ሙህዲን። ድምፁ ሻከረ። «ወንድሜ እየዋሸ ነው የኖረው?»

«በአላህ ይሁንባችሁ፣ ውሸታም አትበሉት!» ብላ ጮኸች መሊካ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልጮኸችውን ያን ጊዜ ጮኸች።

«ባህረዲን» አሉ ሼሁ፤ «ይህን የነገረህ መቼ ነው?»

«ዓርብ ከሰዓት ነዋ፣ ጫት ላይ። እኔማ የጅማውን ያነሳሁት ካሳን ዝም ለማሰኘት ነው፤ ይባስ ብዬ ቤቱን ሁለት አደረግሁት።»

«አንተስ ካሳ?»

«እኔም እዚያው ነበርኩ። እንደምታውቁት አልቅምም፤ ሻዬን ይዤ እሰማለሁ።»

«ነገሩ ይኸው ነው» አሉ ሼሁ። «ምርቃና ላይ ፎቅ የማይሠራ ማን አለ? የቃመ ሰው ሲነሳ ፎቁን እዚያው ትቶት ይነሳል። ካሳ ሳይቅም ሰምቶ ተሸክሞት ወጣ።»

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ መሆኑ ተረስቶ ሳቅ ሳቅ አለ። ሙህዲንም ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ሐምዱ አልዋሸም» አሉ ሼሁ። «አንቺም ልጄ፣ ዒዳሽን አብራችሁ በኖራችሁባት በዚችው ቤት ትቀመጫለሽ።»

«እትዬ መሊካ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ካሳ ከመጋረጃው ወዲያ። «ግን ሲያወራው የእውነት ነበር የሚመስለው። የሐይቁን ዳር በድንጋይ አጥረዋለሁ ይል ነበር፤ ባለቤቴ ሐይቅ ትፈራለች እያለ።»

«የጅማውም» አለ ባህረዲን፣ «ልብስ የሚሰጣበት ክዳን ነበረው። ለዝናቡ።»

መሊካ መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች። ከምሳ ተነስቶ ሾፌሮቹ ጋ እስኪደርስ ባለችው አጭር መንገድ፣ እሷ እንቢ ያለችውን ቤት ሁሉ እየጠገነ ይሄድ ኖሯል። አንዱንም አልመለሰውም። ቤቶቹ ያምሯት እንደነበር ሳትነግረው በመሞቱ ተናደደች፤ ይህን ሳይነግራት በመሞቱም ተናደደችበት፤ ከዚያ እዚያው እንደቆመች አለቀሰች።

በማግስቱ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰውም ወደየጉዳዩ ተበተነ። ካሳ ሙህዲንን እስከ ደሴ ሊያደርሰው ነው። ሙህዲን መኪናው ተጭኖ እስኪያልቅ ሊሰናበታት ገባ፤ ካሚላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«በተናገርኩት አፍሬያለሁ» አለ። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

መሊካ አሰበች። ቀብር የወንዶች ነው፤ እሷ አልወጣችም። ዒዳዋ እስኪያልቅም መንገዱን አታየውም። ሙህዲን ግን ትናንት ማለዳ ኮልፌ ሄዶ መቃብሩን ዘይሮ መጥቷል።

«ቦታው እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ነው።»

«ጎርፍ አይገባውም?»

«አይ፤ ተዳፋት ነው፣ ውኃ አይተኛበትም።»

«ነፋሱስ?»

ሙህዲን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እንደ ትልቅ ጉዳይ አሰበበትና፣ «ባሕር ዛፍ አለ፤ ይከልለዋል» አላት።

«ጎረቤቱስ ማነው?»

ሙህዲን ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ አሳያት። «ይኸውልሽ፣ እሱ እዚህ ጋ ነው፤ ፊቱ ወደ ቂብላ። ከፊቱ አንድ የሐረር ሽማግሌ አሉ። ከጀርባው ግን ገና ነው፤ ባዶ ነው።»

መሊካ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችና ከጀርባው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈች። ከመንገዱ በኩል የካሳ መኪና ክላክስ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሙህዲን ተነስቶ ተሰናበታት፣ ካሚላም ሸኝታው በሩን ገርበብ አደረገችው። መሊካ እጇን ከምንጣፉ ላይ አላነሳችም።