ቅባት የነካው ጎድን

እና እናንተ ብትሆኑ ማንን ትጠሩ ነበር፣ የወንድማችሁ ልጅ ቅዳሜ ተቀምጦበት ወደ ሰማይ የሚወጣበትን ዕቃ በአውራ ጣታችሁ ጫን ብትሉትና እንደ ቁስል ቅርፊት ቢነሳ? እታለም ማንንም አትጠራም። ጎድኑን ወደ በሩ ታዞራለች፣ ቡሬ ዳር ያለው የሚፍታህ የእህል መጋዘን መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፣ ታያለች፣ እንጨቱ ንጹሕ ነው፣ የተለጠፈበት ቀጭን ማጠንከሪያም ንጹሕ ነው፣ ኮላው በመሃል ብቻውን ደርቆ እንደ መስተዋት ያበራል፣ አንዱንም አልያዘም። ደህና የተጣበቀ ነገር ሲገነጠል ሥጋ ይዞ ነው የሚሄድ፣ የአሠራር መጽሐፉ እንጨት ይዞ ነው የሚለው፣ ሥጋ ያለችው እሷ ናት ከጀርመንኛው ስትመልስለት፣ የወንድሟ ልጅ ቴዎድሮስ ሥጋ ስትለው ወዲያው ገባው።

ሌላውን ታነሳለች። ይሄም። ይሄኛውም። የአውሮፕላን የጅራት ጎድን ማለት ከስስ ኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ነው፣ ብቻውን ሲሆን ይንሻፈፋል፣ ለዚያ ነው ጠርዝ ጠርዙን ማጠንከሪያ የሚለጠፍበት፣ ጅራት አየር ላይ ከታጠፈ አፍንጫው ወደ ምድር ነው፣ ይህን ለማወቅ ፍልስፍና አያሻም፣ ጀርመን አገር ላይፕሲግ የሰው ቤተ መጻሕፍት እየጠረገች ያነበበችው ሁሉ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ ዛሬ ለዚህች አውራ ጣት ምንም አይጨምርላትም። ምን አጠፋን? በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገናል። ኮላውን በሚፍታህ የቅመም ሚዛን ለክተናል። በሞርሳ አጥብቀን አሳድረናል። ምን ቀረ?

እናኑ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ የቴዎድሮስ እናት፣ የወንድሟ የዘሩ ሚስት፣ ጥቁሯን ገና አላወለቀችም፣ ወደ ውስጥ አትገባም፣ አውሮፕላኑን ልጄን ሊነጥቅ የመጣ አሞራ ነው የምትለው። እትዬ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ? እናኑ፣ ይህን እንጨት ማን ነካው? ኧረ ማንም። ማንም? እናኑ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ እኔማ ምን አደረግሁ እትዬ፣ ቅባ ቅዱስ ነው እኮ፣ ከገዳም የመጣ፣ እናንተ ኮላውን ልትቀቡ ስትሉ ማልጄ ገብቼ በየጎድኑ መስቀል አደረግሁበት፣ እዚያው ማጠንከሪያው በሚያርፍበት ላይ፣ ልጄ እንዳይወድቅብኝ።

ዘይት። ዘይት ነው እንግዲህ። ሰይጣን ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያሟላውም፣ አንዲትም ሳትዘል፣ እናት ናትና በጣቷ እየፈለገች ደካማውን ቦታ ሁሉ ቀባችው፣ እንጨቱ ጠጣው፣ አሁን ብርጭቆ ወረቀት አያወጣውም፣ ጋዝ አያወጣውም።

የቴዎድሮስ ጓደኛ ሚፍታህ ከጆንያው ላይ ሆኖ ይስቃል። ቴዲ፣ እኔን ዱዓ አታድርግበት ብለህ ከልክለህ እናትህን ግን ሳትጠብቅ ቀረህ፣ የሰፈሩ ወፍጮ እንደ ቆመ ነው፣ ጠጋኙ አንተ ልትበር ነው። ቴዎድሮስ አይስቅም። ጎድኑን ከእታለም እጅ ይቀበላል፣ ያገላብጣል፣ የአባቱ ግንባር፣ የአባቱ ቅንድብ። ያው ነው እትዬ፣ ይላል፣ እንጠርግና መልሰን እንለጥፈዋለን። አይሆንም። ለምን አይሆንም? መጽሐፉ ቅባት የነካውን ጣለው ይላል። መጽሐፉ ጎጃምን አያውቅም፣ ሌላ ኮምፔንሳቶ ከየት ላምጣ፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል።

ታውቀዋለች። ሆስፒታል ያለባት ፍኖተ ሰላም እዚህ ናት፣ በደህናው ቀን ተሳፋሪ ወሬውን ሳይጨርስ የሚወርድባት፣ ዘሩን ሆዱን ይዞት ባጃጅ ላይ ጫኑት፣ ጦርነት ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል አሏቸው፣ መለሱት፣ በማሳ በማሳ በቃሬዛ ሲወስዱት በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ሞተ፣ እህቱ እታለም ለተዝካሩ ደረሰች። ይህን ዕቃም የላከችው እሷ ናት፣ ላይፕሲግ ጎረቤቷ ጀምሮት የሞተውን፣ በሣጥን፣ ዘሩ መካኒክ ነውና ይጫወትበት ብላ፣ ዘሩ በስልክ እየሳቀ እህቴ አበደች አለ፣ ሣጥኑን ሳይከፍተው ሞተ። የከፈተው ልጁ ነው። ከእንግዲህ በዚህ አገር ሰው መንገድ አጥቶ አይሞትም አለ፣ ለቀስተኛው አለቀሰ፣ ማንም ተው አላለውም። ከላይ ሞተር የሰማ ሰው ዛፍ ሥር በሚሸሸግበት አገር። እሷም ተው አላለችውም፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ መጽሐፍ አነበበችለት።

እትዬ፣ ቅዱስ ነገር ሰው አይጎዳም፣ ትላለች እናኑ።

ቴዎድሮስ የኮላውን ጣሳ እየከፈተ ነው። እየከፈተ ነው፣ አልሰማትም፣ ወይ ሰምቷት ነው፣ ይለጥፈዋል፣ ለጊዜው ይይዛል፣ መሬት ላይ እያለ ይይዛል፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚከዳው ከፍ ካሉ በኋላ ነው። እታለም አንዱን ጎድን አንስታ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቀጭ። እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሌላውን። ቀጭ። ይተዉ በላቸው፣ ያዛቸው፣ ይላል ሚፍታህ፣ ማን ይያዛት፣ የታላቅ እጅ አይያዝም፣ ልጁን ዘሩ ያሳደገው እንዲያ ነው፣ እጁን ዘርግቶ መሃል ላይ አቁሞታል፣ ስትጠላው የኖረችው ሥርዓት ዛሬ ጠቀማት፣ ጉልበቷ ደማ፣ ትሰብራለች፣ ያልተላቀቀውንም ትሰብራለች፣ የሚሰበር እስኪያልቅ።

ስብርባሪውን ከቀሚሷ ታራግፋለች።

ይጠላኛል። ይጥላኝ። የሚጠላ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ቴዎድሮስ ይቀመጣል፣ ስብርባሪውን ይለቅማል፣ አንዱን ከአንዱ ያገጥማል፣ አይሳደብም፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ሚፍታህ፣ ይላል፣ ቀና ሳይል፣ ጓሯችሁ ያለው ዋንዛ ደርቋል አይደል? ደርቋል። ፈልጬ አሳሳዋለሁ፣ ቅርጹን ከስብርባሪው እወስዳለሁ፣ ቅዳሜ ባይደርስ ለሌላው ቅዳሜ ይደርሳል። ሚፍታህ አሁን አይስቅም። ያለ እርስዎም ቢሆን፣ ይላል ቴዎድሮስ፣ ይሄን የሚለው ለእሷ ነው።

ዋንዛ። በጓሮ ዋንዛ። አላዳነችውም፣ ያለ መጽሐፍ እንዲሠራው አደረገችው እንጂ።

እናኑ ሰው እያያት መጋዘኑን ስትረግጥ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ ገብታ እግሯ ላይ ትወድቃለች፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉኝ እትዬ፣ ይበሉኝና ልጄን ከዚህ ነገር ይመልሱልኝ። ሚፍታህም ቆሟል፣ እማማ፣ አፉ ይበሏት፣ አንድ ቃል ናት። ሁሉም አፏን ያያሉ። እዚህ አገር ይቅር ለእግዚአብሔር የተባለ ሰው ይቅር ይላል፣ ገዳይ እንኳ በዚህ ቃል ማዕድ ይቀርባል፣ ያን መንገድ የዘጉትም ነገ መጥተው ይሏት ይሆናል፣ እሷም ይቅር ትል ይሆናል ብለው፣ ሰው እየሞተ ሁሉም እየታረቀ።

ተነሽ፣ ትላታለች፣ ልብስሽ ኮላ ነካ።

እሷን ይቅር አልልም። ልጁን አልልም፣ ሳይጠብቀኝ የሞተውንም አልልም፣ መንገድ የዘጋውንም፣ ሣጥኑን የላከችውን ሴትዮም። ማንንም ይቅር አልልም።