እስከ ክርን

በድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ። ዲንሳ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ እንጂ» አለ ጎረቤቱ ከበበው፣ ክንዱን ይዞ። «አሁን ማንን ከሳል ትጠብቃለህ?»

ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከልጁ ከዶርቃስ ክፍል በር አልተነሣም። ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከደጅ የመለሳቸው ሁሉ መጥተዋል።

«በሕይወቷ ሳለች ደጁን ዘጋብን» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፣ በሹክሹክታ። «ስትሞት ከፈተልን።»

ሰማ።

ዶርቃስን የያዛት የደም ካንሰር ነበር። ህንድ አገር ወሰዳት፤ የወንድሟን መቅኔ ሰጧት። አምቦ ሲመለሱ ነርሷ ሮዛ በየቀኑ እየመጣች ታያት ጀመር።

«ሰውነቷ በሽታ መከላከል አይችልም» አለችው ሮዛ። «ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጠያቂ አይግባ። እርስዎም እስከ ክርንዎ ሳይታጠቡ አይንኳት። እርጎ፣ ያልፈላ ወተት አይሆንም።»

አንድ ቅዳሜ እህቱ ጉዴ ከወንጪ በቅል እርጎ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆመባት።

«ኦቦ፣ አክስትም ጠያቂ ናት እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ተከልክሏል።»

«ደግሞ ሰው በእርጎ ሲሞት የት አየህ?»

ዶርቃስ ከውስጥ የመስኮቱን መስታወት በጣቷ መታች። «አባ፣ አክስቴ ናት! ከዚሁ ልያት።»

ዲንሳ ገባና መጋረጃውን ዘጋ። ጉዴ ቅሉን እንዳንጠለጠለች ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት፣ ማንም ያልገባበት ክፍል ትኩሳት ገባ።

ይኸው ሦስት ቀን፣ ሰው ጸጥ ባለ ቁጥር ያ መስታወት በጆሮው ይመታል።

ሮዛ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ጎንበስ አለላት።

«ጉዴ በመስታወት አይታት ቢሆንስ?»

ሮዛ አቀረቀረች። «በመስታወት እንኳ... ምንም ጉዳት አልነበረውም፣ ኦቦ ዲንሳ።»

ራሱን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ቀን ፊቱን ያላየችው ጉዴ ተነሥታ የክፍሉ በር ላይ ቆመች። እጀታውን አልነካችም።

«ልግባ?» አለች፣ በሩን እያየች።

ዲንሳ ወደ እሷ ሄደ። እሱ ይታጠብበት የነበረው ጆግና ሳሙና በበሩ ጥግ ከቦታቸው አልተነሡም ነበር። ሳሙናውን ሰጣት፤ ጆጉን አነሣ።

«አሁን እኮ አያስፈልግም...» አለች ሮዛ ከኋላ።

ውሃውን አፈሰሰ። ጉዴ መዳፏን አሸች፤ ልታለቀልቅ እጇን ዘረጋች።

«እስከ ክርንሽ» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።