ቺንጋ የለሹ

ዘንድሮ፣ ሐበሻ በበዛበት የአሜሪካ ከተማ፣ በረዶው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ጣለ። በኅዳር ቀለጠና ወዲያው መልሶ መጣ። ታኅሣሥን ሙሉ ሰው ወደ ኤርፖርት የማመላለስ ሥራ ሞተ። የመኪና ባትሪ በየሰፈሩ ደከመ፤ ሰው ግን ለማስጠገን እጁ አጠረው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሁለት የሐበሻ ሱቆች ዘጉ። ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው የፍፁም ጋራዥ በጥር ወር የገባበት መኪና አራት ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ሥራው ካልተነቃቃ እስከ መጋቢት ልቀቅ ብሎታል።

ሐበሻው ወደ ፍፁም የማይሄደው ለምን እንደሆነ አቶ ወልደገብርኤል ያውቃሉ። ምክንያቱ እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ያኔ አቶ ወልደገብርኤል አውሮራ ውስጥ የአንድ ጋራዥ አለቃ ነበሩ፤ ፍፁም በእሳቸው ሥር መካኒክ ነበር። ጌጥነሽ፣ አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት፣ የዘጠና ስምንት ሞዴል ኮሮላዋን ይዛ መጣች። መቶ ሺህ ማይል ስለሞላት ሞተሩ ውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቮቹን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ይቀየርልኝ አለች። ፍፁም ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ "ይቺ ቺንጋ የላትም። የብረት ካቴና ናት" አለ።

አቶ ወልደገብርኤል ሳቁበት። መከላከያው ትንሽ ቢለይም ያንኑ መኪና አዲስ አበባ፣ ጎፋ እያሉ ስንቱን ፈትተው ገጥመዋል። ሁሉም የጎማ ቺንጋ ነበረው።

"ሥራ ጠልተህ ነው እንጂ! ቺንጋ የለሽ!" አሉት፣ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት።

ስሙ ተጣበቀ። ፍፁም በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ።

ስሙን ባወጡበት በማግስቱ ግን አቶ ወልደገብርኤል ቺንጋውን ራሳቸው ሊቀይሩ የቫልቩን ክዳን አነሡ። ካቴና። ጃፓኖቹ ለአንድ ትውልድ መኪና የተለያየ ልብ ሠርተዋል። አዲስ አበባ የሚያውቁት ብሎኩ ብረት የሆነ፣ ባለ ቺንጋ ነው። ለአሜሪካ የተሰጠው ግን ብሎኩ ሳይቀር አሉሚኒየም፣ ለሻማዎቹ እሳት የሚያድል ዲስትሪቢውተር የሌለው፣ ካቴናው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ዘይት እየጠጣ የሚዞር አዲስ ሞተር ነው። ቺንጋ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል፤ ይኼኛው ዘይት እስካልጎደለበት ድረስ ከሞተሩ ጋር እንዲያረጅ የታሰበ ነው። ፍፁም ዲስትሪቢውተር አለመኖሩን አይቶ ነቅቶበታል። እሳቸው እያዩ አላዩም።

ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። ጌጥነሽንም፣ "ቺንጋው አዲስ ነው፤ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ቀይሮታል" አሏት።

ያቺው መኪና ዘንድሮ የካቲት ላይ ሞተሯ እየተንኳኳ ሞንትቤሎ መንገድ ላይ ቆመች። ጌጥነሽ ቅርብ ወዳለው፣ ወደ ፍፁም አስጎተተቻት። ከዚያ የወጣበትን ስም አስባ ፈራችና አቶ ወልደገብርኤልን ደውላ ጠራች። ይዟቸው የመጣው ኤቢ ነው፤ የኤርፖርት ሾፌር፣ ምላሱ የማያርፍ።

"ቺንጋ የለሽ!" አለ ኤቢ ገና ከበሩ። "ዛሬ ደግሞ ሞተር የላትም በለን!"

ፍፁም ቀና አላለም። "በሩን ዝጋው። ብርድ ነው።"

"ምን አገኘህባት?" አለች ጌጥነሽ።

"ዘይት ጨርሳለች። የሚጮኸው ካቴናው ነው። ዘይቷን መቼ ነው ያየሽው?"

"የምን ካቴና? ጋሼ ወልዴ ቺንጋው አዲስ ነው ብለውኛል። ይኸው ሃያ አንድ ዓመቱ! አልቋል ማለት ነው። ቀይርልኝ፤ እምቢ ካልክ ሌላ ቦታ እወስዳታለሁ።"

"ውሰጃት።"

"ክፈትና አሳየና!" አለ ኤቢ። "አርባ ሾፌር በስልክ ወሬውን እየጠበቀ ነው። ካቴና ከሆነ ከነገ ጀምሮ ሁላችንም ያንተ ነን። ቺንጋ ከሆነ ግን ጋራዥህን ቆልፈህ ሂድ።"

"ለአንተ ብዬ አንድ ብሎን አልፈታም።"

"አያችሁ? ፈርቶ ነው!"

ፍፁም ያኔ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "እርስዎስ? ሊስቁ ነው የመጡት?"

አቶ ወልደገብርኤል የተከፈተውን ኮፈን አዩ። ዝም ቢሉ መኪናዋ ተጎትታ ትሄዳለች፤ ጋራዡም በወሩ ይዘጋል። ማንም አያውቅባቸውም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ኮልፋክስ ላይ ሰው በመኪና ነገር ሲከራከር ፍረዱን ብሎ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። የቀራቸውም ይኸው ነው።

"ካቴና ነው" አሉ።

"ኧረ ጋሼ!" አለ ኤቢ። "እርስዎ እኮ ነዎት ..."

"ዝም በል። ያኔም ካቴና ነበር። በማግስቱ ክዳኑን አንሥቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ጌጤ፣ ቺንጋው አዲስ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ልክ የነበረው ፍፁም ነው። ያንን ስምም ያወጣሁበት እኔ ነኝ።"



"ይህን ሁሉ ዘመን?" አለች ጌጥነሽ። "በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ሰላም እያሉኝ?"

"አዎ።"

ፍፁም እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ይቅር እንድልዎት ነው?"

"አይደለም። ያለብኝን ነው የተናገርኩት። ለአርባዎቹም ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።"

"እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለ ኤቢ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ፍፁም ... የእኔዋ ፍሬኗ ይጮኻል። ነገ ላምጣት?"

"በጠዋት አምጣት።" ፍፁም ዓይኑን ከሽማግሌው ላይ አላነሣም። "የእርስዎ ዕዳ ተከፍሏል። አሁን ከጋራዤ ይውጡልኝ።"

አቶ ወልደገብርኤል ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ።