ያልገባ ጥሪ

«የጥሪው መዝገብ የታለ?» አለ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ ሹም፣ ማመልከቻውን ገልብጦ ጀርባውን እያየ።

«ጥሪው እኮ አልገባም፤ መዝገብ ከየት ይመጣል?» አለ ሊፍት ጠጋኙ።

«እኛ ደግሞ በማስረጃ ነው የምንሠራው።»

የጠጋኙ ደም ፈላ። ከጠዋት ጀምሮ የተንከራተተው ይህንኑ ለመስማት ነው? ነባሩ የስልክ ድርጅት «የእኛ መስመር ሰላም ነው፤ አዲሱን ጠይቅ» አለው። አዲሱ ድርጅት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ትናንት ለእርስዎ የመጣ ጥሪ የለም» ብላ ፈገግ አለችለት። ሁለቱን ድርጅቶች የሚያገናኘው መስመር ጠቦ ጥሪ እንደሚጥል ሰው ሁሉ ያውቃል። ማን ከፍሎ ያስፋው በሚለው ላይ ግን ሲወዛገቡ ዓመት አልፏቸዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እርሱ የሚጠግነው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሊፍት አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። ውስጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የጠጋኙ ቁጥር ደጋግመው ደወሉ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው» አላቸው። ስልኩ ግን ሁለት መንገድ ወዲያ፣ ኪሱ ውስጥ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የሕንፃው ጥበቃ ጩኸት ሰምቶ፣ እርሱም ደውሎ እምቢ ሲለው፣ በእግሩ ዞሮ እስኪያገኘው ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። እናም የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ እንዳለው፣ ጠጋኙ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስልኩን እንዳልዘጋ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ካላረጋገጠ ውሉ ይቋረጣል። ከዚያ ውል ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

«ደግሞም አቤቱታው የሚቀርበው በደዋዩ ነው» አለ ሹሙ። «እርስዎ ተደዋይ ነዎት። ደዋዩ ቀርቦ ያመልክት፤ ለድርጅቶቹ እንጽፋለን፤ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ።»

«እኔ ያለኝ እስከ ማታ ነው!»

«ምን ላድርግ? ደንብ ነው።»

ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ስልኮች አየ። «ሁለቱም የእርስዎ ናቸው?»

«አንዱ የነባሩ፣ አንዱ የአዲሱ» አለ ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካልሆነ ሰው አያገኘኝማ።»

ጠጋኙ መሳቅም ማልቀስም አማረው። ተወዳዳሪ ድርጅት መጣ ሲባል መጀመሪያ ከተሰለፉት አንዱ እርሱ ነበር። ሰው ዋጋ ይረክስልኛል ብሎ ሄዶ ሁለት ስልክ ተሸካሚ ሆኖ አረፈው።

አሥር ሰዓት ላይ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆመ።

«አሁኑኑ ይደውሉልኝ» አለ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ክፍት ሆኖ ዝግ ነው ሲልዎት በዓይንዎ ያዩታል።»

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ያ ትናንት የሰው ጥሪ ሲውጥ የዋለ ስልክ፣ ዛሬ ምን እንዳገኘው እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ።

«ይኸው ይሠራል!»

«ጌታዬ፣ አንዳንዴ ነው የሚገባው...»

«ኔትወርክ ላይ አታላክ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣ ብዬሃለሁ፤ አላመጣህም።» አንድ ወረቀት ገፋለት። «ስልኬን ዘግቼ ነበር ብለህ ፈርም፤ በቅጣት አልፍሃለሁ። አለዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፎቹን አስረክብ።»

ጠጋኙ እስክሪብቶውን አነሳ። ከፈረመ ሥራው ይተርፋል። ግን ሴትዮዋን እዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ትቷቸው ተኛ ማለት ነው። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠና ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣ። ከትናንት ጀምሮ አሮጊቷን ፊት ለፊት ለማየት አፍሮ ነበር። በሩን እንደከፈቱለት፣ «እትዬ፣ በልጆቼ እምልልዎታለሁ፣ ስልኬ ክፍት ነበር» አላቸው።

«አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬልሃለሁ» አሉ ስልካቸውን አውጥተው። የእርሱ ቁጥር ከነሰዓቱ ተደርድሯል። «እኔ ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ሰው ሳገናኝ ኖሬያለሁ። ያኔ ድርጅቱ አንድ ብቻ ነበር። ስልክ ለማስገባት ሰው ስምንት ዓመት ይጠብቅ ነበር፤ ደኅና ነበር አልልህም። መስመር ሲጠፋ ግን ‹መስመር የለም› እንል ነበር። ሰውየው ዘግቶታል ብለን በሰው አናሳብብም።»

«ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ፣ አቤቱታውን ደዋዩ ያቅርብ ብለውኛል» አለ ጠጋኙ።

«ደዋይዋ እኔ ነኛ! መቼ ይዘጋሉ?»

«አሥራ አንድ ተኩል። ግን መልሱ ሠላሳ ቀን ይፈጃል፤ እኔን ደግሞ አሥራ አንድ ላይ ያባርሩኛል።»

«ስልኬን ለሥራ አስኪያጁ ላሳየው?»

«ማኅተም ካላየ አያምንም።»

አሮጊቷ ሹራባቸውን ደረቡ። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም፤ ከትናንት ወዲህም ከቤት አልወጡም። ሊፍቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አንተ ቅደም» አሉት።

ገባ። ተከትለውት ገቡና ክንዱን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ አንደኛ ፎቅ ነው፤ ወደ መንገዱ የሚያወጣው ምድር ቤቱ ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ በአሮጊቷ እርምጃ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ለሁለቱም ጊዜ አይበቃቸውም።

ጠጋኙ ያልፈረመውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ምድር ቤትን ተጫነ።