ነጭ ጋዋን የለበሰው አሰልጣኝ

ቋሚ መምህርት ለመሆን የቀረኝ የአንድ ሰው ፊርማ ነበር። ሰውየው የክፍል አያያዝ አሰልጣኝ ነው። መምህራን ክፍላቸውን እንዴት ጸጥ እንደሚያሰኙ ሲያሠለጥን የኖረ ሲሆን፣ ራሱ ተማሪ ፊት ከቆመ ብዙ ዓመት አልፎታል። ዘዴዎቹ ሁሉ እንከን የሌላቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እናቴ ፊርማውን አልጠበቀችም። «ልጄ ቋሚ ሆነች» ብላ ሰፈሩን አዳርሳዋለች።

«ገና ነው እኮ እማ» ብላት፣

«አንቺ ደግሞ! ቀና ብለሽ ካናገርሽው ምን ይልሻል?» አለችኝ። ቀና ብዬ ሰው ማናገር እንደማልችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የአሰልጣኙም ትልቁ ምክር ይኸው ነው። «ተማሪን ዐይን ዐይኑን እዩት!» ይላል በየሥልጠናው። እኔ ከተማሪዎቼ ፊት ይልቅ ጫማቸውን በደንብ አውቃለሁ።

ሰውየው ሊገመግመኝ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ክፍል ስገባ ልጆቹ ከወትሮው ብሰው ይንጫጫሉ። ወሬ ስለማያመልጣት ጓደኞቿ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ዛሬ መርፌ አለ አይደል?»

«የለም። እንግዳ ነው የሚመጣው። ትምህርት ስንማር ሊያየን።»

«እነ እህቴንም እንደዚሁ ብለው ነው የሸወዷቸው።» በእህቷ ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት ክትባት ተሰጥቶ ነበር። «ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ጥቁር ቦርሳ ይዞ፣ እየሳቀ ነው አሉ የሚገባው።»

በሩ ተንኳኳ። አሰልጣኙ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ጥቁር ቦርሳ ይዞ፣ እየሳቀ ገባ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ዳይሬክተራችን ከኋላው ገብተው፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጡና በመገረም ወደ እኔ አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«አየሽ?» አለኝ አሰልጣኙ ሹክ ብሎ። «መምህር መምህር መምሰል አለበት። አለባበስ የሥራው ግማሽ ነው።»

«እኛ ሰማያዊ ጋዋን ነው የምንለብሰው።»

«ችግሩ እሱ ነዋ!»

ከዚያ በዴስኮቹ መሃል መዘዋወር ጀመረ። ይህም አንዱ ምክሩ ነው፤ መምህር አንድ ቦታ አይገተርም። ወደ ጠጋበት ሁሉ ልጆቹ የግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ።

«እጅ አጣጥፎ መቀመጥ! ማነው ይህን ያስለመዳቸው?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ነገር ግን ዳይሬክተራችን ራሳቸውን በአድናቆት ሲነቀንቁ አየሁ፤ የእናቴ ጎረቤቶችም አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ።

«ቀስ በቀስ ለምደውት ነው» አልኩ።

ቀጥሎ ማበረታታት መጣ። ከሁሉም ትንሽ ስለሆነ ጎረምሳው የምንለውን ልጅ ራሱን ዳበስ አደረገና፣ «አንተ ጀግና ነህ አይደል?» አለው። ይህን ቃል ልጁ ከዚህ በፊት የት እንደሰማው መገመት አያዳግትም። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ደስታ ነው» አለ አሰልጣኙ። «ምስጋና እንዲህ ውስጣቸው ድረስ ይገባል።»

በመጨረሻ ወደ ተሳትፎ ተሸጋገረ። «እሺ፣ ማነው ቀድሞ የሚወጣ?»

ሁሉም ክንዱን ይበልጥ ጨበጠ።

«አይዟችሁ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል» አለና ቦርሳውን ከፍቶ ቀጭን የብረት መጠቆሚያ አወጣ። እንደ አንቴና የሚሳብ ነው። ሳበው፤ ረዘመ። አሁንም ሳበው።

«አወጣው!» ብላ ጮኸች ሬዲዮ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ለመናገር ይቸግራል። ገሚሱ ዴስክ ሥር ገባ፣ ገሚሱ በር ላይ ተጨናነቀ፣ ጎረምሳው የዳይሬክተራችን ቀሚስ ላይ ተጣበቀ። አሰልጣኙ መጠቆሚያውን እያወዛወዘ «ዐይኔን እዩ! ዐይኔን እዩ!» ይላል። መጠቆሚያው በተወዛወዘ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል። ሲጨንቀው ወደ እኔ ዞረ። ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ፊርማው የኔ ነው የሚል አስተያየት ነበር።

ወለል ማየት ለአንድ ቀን ጠቀመኝ። ልጆቹ ያሉት እዚያው ነበርና። ከሬዲዮ ዴስክ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«መርፌ የለም። ያ ሰሌዳ ላይ ማሳያ እንጨት ማለት ነው፤ ብረት ሆኖ ነው እንጂ።»

«እናትሽ ትሙት?»

«እናቴ ትሙት።» እናቴ ይቅር ትበለኝ፤ የማልኩት ለእሷው ስል ነው።

«ታዲያ ምን ሊያደርገን መጣ?»

«ሊያወራ ብቻ።»

ሬዲዮ ወጥታ ዴስክ ላይ ቆመችና አወጀች። «መርፌ የለም! ወሬ ብቻ ነው!»

ሁሉም እየተሳሳቀ ቦታው ገባ፤ የወትሮው ጫጫታም አብሮ ገባ። አሰልጣኙ ስለ ጸጥታ ጥቅም ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ማን እንደሰማው እንጃ። ደወሉ ሊደወል ሲል ጎረምሳው እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ መርፌው ቢሆን ይሄኔ ጨርሰን ነበር አይደል?»

ቢሮ ስንገባ ዳይሬክተራችን ከንፈራቸውን ነክሰው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። አሰልጣኙ የግምገማውን ወረቀት ዘርግቷል፤ እስክሪብቶው ግን አልተከፈተም።

«ያቺ ልጅ መርፌ መርፌ ስትል ነበር። ምን ማለቷ ነው?»

እውነቱን ብነግረው ያ ሁሉ ጸጥታ የእሱ ሳይሆን የክትባት መሆኑን ያውቃል፤ እስክሪብቶውም ወደ ኪሱ ይመለሳል። ቀና አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ የሰው ዐይን ትክ ብዬ አየሁ።

«ዐይንዎን ነው» አልኩ። «እንደ መርፌ ይወጋል ብለው ነው የፈሩት።»

ከዚያ ጋዋኑን አስተካከለ።

«ብዙ ሰው ይለኛል» አለና ፈረመ።

እሱ ሲወጣ ዳይሬክተራችን እስኪያስላቸው ሳቁ። «ያንን ጋዋን እንኳ ጥሎልን ቢሄድ ምናለበት!» አሉ።

አሁን በየሥልጠናው እንደ መርፌ ስለሚወጋ ዐይን እንደሚያስተምር እሰማለሁ፤ መምህራኑም በትጋት ይጽፋሉ አሉ። እናቴም ደህና ናት። ለጎረቤት አዲስ ነገር መናገር እንኳ አላስፈለጋትም።