ሃያ ዘጠኝ ለምን ሲ ሆነ?

እሑድ ከሰዓት ነው። ነርሷ ልጄ በማግስቱ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት። ካለፈች ለከፍተኛ ትምህርት ትላካለች። ሁለቴ ወድቃለች፤ ይህ ሦስተኛው ነው፣ አራተኛ አይፈቀድም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም። ቁጥርና ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉትን ፊደሎች ግን እለያለሁ፤ ስለዚህ የመልሱን ወረቀት የምይዘው እኔ ነኝ። እሷ ከመስኮት እስከ በር እየተመላለሰች ከመለማመጃ መጽሐፏ የተበላሸውን ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ ማረሚያውን ትመርጣለች። እኔ "ልክ ነሽ" ወይም "ስተሻል" እላለሁ። ሁለት መቶ ጥያቄ ነው። ያን ቀን አንድም አልሳተችም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ዓይኗ መስመሩን ሳይጨርስ አፏ ይመልሳል።

"እስቲ መጽሐፉን አምጪው።" ተቀብዬ ዘጋሁት።

"ሃያ ዘጠኝ።"

"ሲ!"

"መቶ አራት።"

"ኤ። ምነው አባዬ?"

"ጥያቄው ምን ይል ነበር?"

ቆመች። መጽሐፉን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

"ፊደሉን ነው የሸመደድሽው።"

"እና ዛሬ ነው የምትነግረኝ? ነገ እኮ ነው! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልብስ ሰፊ ፈታኝ ያደረግኩ።"

"ልብስ ሰፊ የላላ ስፌት ያያል። ተቀመጪና አስረጂኝ። ሃያ ዘጠኝ ለምን ሲ ሆነ?"

ተቀመጠች፤ እግሯ ግን አላርፍ አለ።

"የሸሚዞቹ ሳጥን ወደቀ ትላለህ እንጂ ወደቁ አትልም። የወደቀው ሳጥኑ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው።"

"ገባኝ። መቶ አራትስ?"

"እሱ ለምን የለውም። አባባል ነው፤ የቋንቋው ባለቤቶች እንዲህ ይላሉ፣ አለቀ።"

"እኛስ ሆድ ባሰኝ ስንል ሆዳችንን ቆርጦን ነው? ቀጥዪ።"

ሳቀች። እስኪመሽ የጨረስነው አሥራ አራት ብቻ ነው። "አሥራ አራት ከሁለት መቶ!" እያለች ጥፍሯን ነከሰች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ተመለሰች።

"ከመጽሐፉ አንድም አልመጣም።"

መቀሴን አስቀመጥኩ። "ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"እያንዳንዱን በልቤ ላንተ እያስረዳሁ ሠራሁት። አልገባህ ሲል ደግሜ አነበብኩት።"

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ወደቀች።

ውጤቱ የሚወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ከመስኮት እስከ በር የምመላለሰው አሁን እኔ ነኝ።