የአለቃ ድምፅ ከስድስተኛ ፎቅ

የእጅ ሬዲዮዎቹ በካርቶን ታሽገው የመጡ ዕለት የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኞች እግራቸው ሊያርፍ መስሏቸው ነበር። ያረፈው የአለቃቸው እግር ነው። ድሮ ሠራተኛ ለመቆጣጠር ስምንቱንም ፎቅ እያለከለከች ትወጣ የነበረችው ሴት፣ አሁን ምድር ቤት ወንበሯ ላይ ተደላድላ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ቁልፍ መጫን ሆነ ሥራዋ። «አራተኛ ፎቅ!» «አለሁ አለቃ፣ አራት መቶ ሁለት።» «አምስተኛ!» «አለሁ አለቃ።» ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ሁለተኛ ደብዳቤ የደረሰው ዕቃውን ይሰበስባል። አንዱን ሬዲዮ ሥራ አስኪያጁ ለራሱ አስቀርቶ ቢሮው ሆኖ ያዳምጣል። አለቃዋን ሠራተኞቹ በሌለችበት «ደወል» ይሏታል። ስሙ ከሬዲዮው በፊትም ነበረ፤ ሬዲዮው አስመሰከረላት እንጂ።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች ይሠራሉ። አንዷ እትዬ ናት፤ ጡረታ ለመውጣት አርባ ቀን የቀራት፣ ጉልበቷ ግን ቀድሟት ጡረታ የወጣ። ሁለተኛዋ በቀቀን ናት። ስሙን ያገኘችው የሰው ድምፅ ስለምትሰርቅ ነው፤ የጥበቃውን ሳል፣ የልብስ አጣቢዋን ማዛጋት፣ የሥራ አስኪያጁን «እ... እንግዲህ»፣ ሁሉንም ታወጣዋለች። ሥራ የገባች ሰሞን የአንሶላ ጥግ አጠፋፍ ያስተማረቻት፣ ስታበላሽም የሸፈነችላት እትዬ ናት። ስለዚህ ያ ጉልበት እምቢ ባለ ቁጥር «አንቺ ተቀመጪ» ትላትና፣ አንሶላ መጋዘኑ ውስጥ ፎጣ ክምር ላይ አስቀምጣት ክፍሎቿን ትሠራላታለች።

አንድ ቀን እትዬን ፎጣው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ሬዲዮው ጮኸ። «እትዬ! የት ነሽ?» አንዴ። ሁለቴ። እትዬ ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ደርሷታል። በቀቀን ሬዲዮውን ብድግ አደረገችና፣ እትዬ ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ የምታወጣትን ያቺን ረጅም «እህህ» አስቀድማ፣ «አለሁ አለቃ፣ ስድስት መቶ ስምንት» አለች።

«ምነው እንዲህ ትንፋሽ አጠረሽ? መስኮት ክፈቺ» አለች ደወል፤ ወደ ሰባተኛ ፎቅ አለፈች።

በቀቀን አፏን በፎጣ አፍና በሳቅ ፈረሰች። በዚያው ብታበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን አንዴ ጣማት። በሳምንቱ ስልክ ልታወራ ደረጃ ላይ ለወጣችው ለአራተኛ ፎቋ ልጅ መለሰች፤ ቀጥሎ ጥርሷን ላመማት ለሰባተኛ ፎቋ። አንድ ጠዋት ከስምንቱ ፎቅ አራቱ እሷ ነበረች። ደወል መዝገቧ ላይ ምልክት እያደረገች «ይሄ ሬዲዮ ሰዉን ሰው አደረገው» ትላለች አሉ።

ጣጣው የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ሁለት አውቶቡስ እንግዳ ወጥቶ ሁለት አውቶቡስ ሊገባ ነበርና ቤቱ ተገለባበጠ። አሥር ሰዓት ላይ የሁሉም ወገብ ሊቆረጥ ደረሰ። በዚህ ሰዓት ደወል ሬዲዮዋን ቻርጅ ላይ ሰክታ ወደ ሳሙናው መጋዘን ትሄዳለች፤ ይህን የማያውቅ የለም። በቀቀን እትዬን አየቻት፤ ጉልበቷ አብጦ፣ ያም ሆኖ ትራስ ታለብሳለች። አንጀቷን በላቻት። ሬዲዮውን አፏ ላይ ደቀነችና በደወል ድምፅ፣ በዚያው ብረት ብረት በሚለው፣ እንዲህ አለች፦

«ልጆች፣ አለቃ ነኝ። ዛሬ ጎበዝ ናችሁ፣ አይቻለሁ። አሥር ደቂቃ አረፍ በሉ፣ ወገባችሁን አቅኑ።»

ከልብስ ማጠቢያው አንድ የፈራ ድምፅ መጣ። «አለቃ... አሞዎታል እንዴ?»

ያን ዕለት ግን ሬዲዮው ቻርጅ ላይ አልነበረም፤ ደወል ወገብ ላይ ነበር። አፏን ዘግታ የሳሙና ካርቶን ስታነሳ፣ ራሷ ስትናገር ሰማች። በዚያ ቤት ድምፅ የሚሰርቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሳንሰር መጠበቅ አቅቷት ስድስቱን ፎቅ በደረጃ ወጣችው። የአንሶላ መጋዘኑን በር በርግዳ ስትገባ እትዬ ፎጣው ላይ እግሯን ዘርግታለች፣ በቀቀን ሬዲዮውን ይዛለች።

«ሁለታችሁም!» ትንፋሽ አጠራት። «ዕቃችሁን...»

በቀቀን ለጡረታ ጥቂት ቀን የቀራትን ሴት በገዛ ቀልዷ ሜዳ ላይ ልትጥላት ነው። «እትዬ የለችበትም» ልትል ስትል የደወል ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ።

«እ... እንግዲህ፣ አለቃ» አለ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ።

ደወል በቀቀን ላይ አፈጠጠች። የበቀቀን ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።

«ሠራተኛውን ያበረታቱ እያልኩ ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቅዎት ነበር። ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁ። ኮርቼብዎታለሁ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይቀጥል።»

ደወል ቁልፉን ተጫነች። «እ... እሺ ጌታዬ» አለችና፣ ሁለቱን ተራ በተራ አይታ ወረደች።

በማግስቱ ሁለቱም ዕቃቸውን በፌስታል ቋጥረው ዋሉ። እትዬ ጭራሽ «አይዞሽ» ትላታለች፤ ይህ በቀቀንን የባሰ አሳረራት። አሥር ሰዓት ሆነ። ሬዲዮው ቀጭ አለ፣ ትንፋሽ ተሰማ፣ ጠፋ። ደግሞ ቀጭ አለ። «ልጆች...» አለች ደወል፤ ጠፋች። ትንሽ ቆይቶ የመጋዘኑ በር ተከፈተ፤ ራሷ ናት።

«ከጠዋት ጀምሮ መስታወት ፊት ስሞክረው ዋልኩ» አለች ወለሉን እያየች። «አይወጣልኝም። ጎበዝ ናችሁ ስል ስድብ ይመስላል።» ሬዲዮዋን ለበቀቀን ዘረጋችላት። «በይ፣ ሰዓቱ አለፈ።»

ከዚያ ማንም ሳይጋብዛት ከእትዬ ጎን ፎጣ ክምሩ ላይ ቁጭ አለች። ለካ እሷም የሚያም ጉልበት አላት።

«ልጆች፣ አለቃ ነኝ» አለች በቀቀን። «በርቱ፣ ጎበዝ ናችሁ። አሥር ደቂቃ አረፍ በሉ።» እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። «ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ጡረታዋ እስኪደርስ ክፍል አትሠራም። ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች።»

ደወል ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ ሬዲዮውን ልትነጥቅ እጇን ሰደደች። ሥራ አስኪያጁ ቀደማት።

«እንግዲህ አመራር ማለት ይሄ ነው!» አለ ሬዲዮው።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ መለሰችው፣ ቀሚሷን አስተካከለችና ወደ እትዬ ዞረች።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? አለቃ ያለችውን አልሰማሽም? እጠፊ!»